በሌላ ሰው ዱካ

ከሌላ የሰማሁትን አይደለም የምጽፍላችሁ። በእነዚህ ባረጁ ዓይኖቼ ያየሁትን ነው። በጉባኤ ፊት ቆሜ ቅዱሱን ቃል ሳነብ የኖርሁ ሰው ነኝና፣ በስተርጅና ሐሰት ጨምሬ ነፍሴን የማስይዝበት ምክንያት የለኝም።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ሰዓቱ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ግድም። ቦታውም ከዋልቪስ ቤይ ከተማ በስተ ደቡብ፣ የአሸዋው ተራራ ተንዶ ውቅያኖሱ ውስጥ የሚገባበት ባሕር ዳር።

ሌሊት አልነበረም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ፀሐይ ነበረች...

አራት ነበርን። የእህቴ ልጅ ኢማኑኤል መንገደኞችን በመኪናው እያመላለሰ የሚኖር ጎልማሳ ነው። ሁለቱ እንግዶች ከሩቅ ከተማ ከቡላዋዮ የመጡ አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ፤ ባልየው ታባኒ፣ ሚስቱ ኖማላንጋ። አራተኛው እኔ ነኝ።

ኢማኑኤል እንግዶችን ወደ ቀድሞዎቹ ሰዎች ሜዳ ሲወስድ ያለ እኔ አይሄድም። ያለ ሽማግሌ አለመሄድ የሰፈራችን ደንብ ነው።

ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ አንድ ብቻ ነው። በአንድ በኩል ገደል የመሰለ የአሸዋ ተራራ፣ በሌላው በኩል ባሕር፤ በመካከላቸው ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ የሚገለጥ ጠባብ መተላለፊያ። ባሕሩ ሲመለስ መንገድ የሚባል ነገር አይኖርም።

ከመተላለፊያው ወዲያ፣ በአሸዋ ተራሮች መካከል፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ የጭቃ ሜዳ አለ። በላዩ ላይ የእግር ዱካ ታትሟል። በባዶ እግር የሄዱ ሰዎች ዱካ። ጭቃው እርጥብ ሳለ ያለፉ ናቸው። እነማን እንደ ነበሩ የሚያውቅ የለም። አሸዋው ይሸፍናቸዋል፣ ነፋሱ ይገልጣቸዋል።

ሁሉም ወደ ባሕሩ ነው የሚሄዱት።

የሚመለስ ዱካ የለም።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለእንግዳ ሁሉ የምትለው አንድ ነገር ነበር። «መንገዱ የእነርሱ ነው። ከዳር ሆናችሁ እዩ፤ እግራችሁን ግን ከእግራቸው ላይ አታሳርፉ።» እኔም ያንኑ ነገርኋቸው።

ኖማላንጋ ሳቂታ ነበረች። ከከተማ ከወጣን ጀምሮ አፏ አላረፈም።

«ኦፓ፣ ጫማዬን እንደ ቤተ ክርስቲያን ላውልቅ እንዴ?» አለችኝ። በእኛ አገር ሽማግሌ የሚጠራው እንዲህ ነው፤ እርሷም ከኢማኑኤል ሰምታ ወዲያው ይዛው ነበር።

«ጫማሽ እግርሽ ላይ ይሁን ልጄ። ብቻ ከዳሩ አትለፊ።»

«እሷን ከዳር ቁሚ ማለት ዝንጀሮን ማንጎ አትንኪ ማለት ነው» አለ ታባኒ።

«ዝንጀሮ ያገባኸው አንተ! ማን አስገደደህ?»

ሳቅን። ከዚያም እንደ ልማዴ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ መጸለይ ጀመርሁ።

አሜን ብዬ ቀና ስል ጫማዋ ዳር ላይ ተቀምጧል።

እርሷ መካከል ናት።

ባዶ እግሯን ከአንዱ ዱካ ውስጥ አስገብታለች።

«እዩ እዩ! ልክ የእኔ ነው! ተረከዙም፣ ጣቶቹም... ታቢ፣ ፎቶ አንሣኝ!»

«ውጪ ልጄ» አልኋት።

«አንድ ጊዜ ብቻ ኦፓ!»

ወደ ሁለተኛው ዱካ ተራመደች። ልክ ነበረ። ወደ ሦስተኛው ተራመደች። ያኔም እየሳቀች ነበር።

በአራተኛው ላይ ሳቋ ቆመ።

አልጮኸችም። አልወደቀችም። ዝም ብላ መራመድ ቀጠለች። ወደ ታች አትመለከትም፤ እግሯ ግን ከዱካው ዝንፍ አይልም። ዓይኗ ባሕሩ ላይ ነው።

ታባኒ በዳር ሮጦ ክንዷን ይዞ ጎትቶ አወጣት። ወደ እኔ ሲመለስ ፊቱ ተለውጦ ነበር።

«ኦፓ... ቀዝቅዛለች» ብሎ አንሾካሾከ።

በዚያው ቅጽበት ጉሙ መጣ።

በእኛ ባሕር ዳር ጉም ብርቅ አይደለም። ጧት ይመጣል፣ ቀትር ላይ ይገፈፋል። ነገር ግን ጉም ሁልጊዜ የሚነሣው ከባሕር ነው። በዕድሜዬ ሁሉ ከሌላ ወገን ሲመጣ አላየሁም።

ያን ቀን ከበረሃው መጣ... ከኋላችን።

ወደ መኪናው በለስላሳው አሸዋ ላይ ስንሄድ ኢማኑኤል እጅጌዬን ያዘ።

«አጎቴ... ዞር ብለው መሬቱን ይዩ።»

ዞር አልሁ። የእርሱ ጫማ ዱካ አለ። የእኔም አለ። የታባኒም አለ።

ከታባኒ አጠገብ፣ ኖማላንጋ በባዶ እግሯ በሄደችበት በኩል... አሸዋው ለስላሳ ነው።

ምንም የለበትም።

«አትናገር» አልሁት።

«ባሏስ?»

«አትናገር አልሁህ።»

መኪናው ውስጥ ገባን። ኖማላንጋ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች፤ ከዚያም እየተንፏቀቀች ሄዳ መስኮቱ ላይ ተለጠፈች።

«ጠጋ በልላቸው» አለችው ባሏን።

«ለማን ነው ጠጋ የምለው?»



ኢማኑኤል ሞተሩን አስነሣ። መኪናው አልንቀሳቀስ አለ። ጎማዎቹ ተሽከረከሩ፣ አሸዋውን በተኑ፣ ሰጠሙ። የጎማውን ነፋስ ለአሸዋው መንገድ ብሎ ቀድሞ አስተንፍሶታል፤ አካፋም አለው፤ በዚህ መንገድ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። ወርዶ ቆፍሮ ሞከረ። እንደገና ሰጠመ።

«አራት ሰው የያዘ መኪና እንዲህ አያቃስትም» አለ ላቡን እየጠረገ። «አጎቴ፣ ሰው ጢም ብሎ የተጫነበት ነው የሚመስለው።»

ከጉሙ ውስጥ የባሕሩ ድምፅ ይሰማል። እየቀረበ ነበር።

መተላለፊያው ሊዘጋ ነው። ከተዘጋ እስኪመሽ እዚያው መቅረታችን ነው። እኛስ አሸዋው ላይ ወጥተን እንጠብቅ ነበር። እርሷ ግን እስኪመሽ እንደማትቆይልን አወቅሁ፤ ምክንያቱም እኛ ስንነጋገር የመኪናውን በር ከፍታ ወርዳ፣ ፊቷን ወደ ውኃው አዙራ መሄድ ጀምራለች።

ታባኒ እቅፍ አድርጎ ያዛት። በእቅፉ ውስጥ ሆና እግሯ ይራመዳል።

«ኦፓ! ምንድን ነው የሆነችው? ንገሩኝ እንጂ!»

እኔ የወንጌል ሰው ነኝ። እናቴም የወንጌል ሰው ነበረች። ሆኖም አንድ ቀን የጎረቤታችንን ልጅ ከዚያ ሜዳ ስትመልሰው አይቻለሁ። እንዴት እንዳደረገችው አልረሳሁም፤ ለምን እንደ ሠራ ግን ዛሬም አላውቅም።

«ጫማህን አውልቅ» አልሁት። «ከፊቷ ቅደምና በመተላለፊያው በእርጥቡ አሸዋ ላይ ሂድ። እርሷ እግሯን በአንተ ዱካ ውስጥ ታሳርፍ። የራሷ ዱካ መሬት ላይ እስኪወጣ ድረስ እንዳትቆም።»

«የራሷ ዱካ? ኦፓ፣ አሁን የቀልድ ሰዓት ነው?»

መሬቱን አሳየሁት።

አየ። ረጅም ጊዜ አየ...

ከዚያ ጫማውን ፈታ።

«ባትከተለኝስ?» አለ በሹክሹክታ።

«ቤታችሁ ውስጥ በምትጠራት ስም ጥራት።»

ከፊቷ ቀድሞ ቆመ።

«ነይ... አንቺ ገንፎ አሳራሪ። ነይ እንሂድ።»

ራሷን ዞር አደረገች። እግሯን አነሣች። በዱካው ውስጥ አሳረፈችው።

መኪናው ከአሸዋው ከወጣለት ይዞት እንዲቀድመን ለኢማኑኤል ነገርሁት። እኛ ከራቅን በኋላ አንድ ጊዜ ሞተሩን ቢያስነሣው፣ መኪናው ምንም እንዳልነካው ቀልጠፍ ብሎ ወጣ። አልፎን ሄደና ጉሙ ዋጠው።

መተላለፊያው ውስጥ ገባን። በቀኝ የአሸዋው ገደል፣ በግራ ውኃው። ታባኒ ከፊት፣ እርሷ ከኋላው፣ እኔ ከዱካው ፈንጠር ብዬ በገደሉ ሥር። በልቤ እየጸለይሁ ዓይኔን ከእግሯ አልነቀልሁም።

«ነይ፣ አንቺ ገንፎ አሳራሪ... ነይ...»

ማዕበሉ መጣ። ለጥቂት ዱካው ላይ ሳይደርስ ተመለሰ።

እንደገና መጣ። የታባኒን አንድ ዱካ ግማሹን ላሰው። እግሯን በቀረው ግማሽ ላይ አሳረፈች።

ያን ጊዜ ነው ሌላውን ነገር ያየሁት።

እግሯን ካነሣች በኋላ ባዶ የቀረው ዱካ... ወደ ታች ዝቅ አለ።

ደግሞ ዝቅ አለ።

ደግሞ...

ሰው እንደሚረግጠው። አንዱ ሲያነሣ ሌላው እንደሚያሳርፍ። ውኃው ከዱካው ዳር ፊጭ ይላል፣ ያርፋል፣ ፊጭ ይላል። ከእርሷ በስተ ኋላ እስከ ጉሙ ድረስ፣ ዱካው ሁሉ እንዲሁ ነበር።

ለታባኒ አልነገርሁትም። ብነግረው ይቆም ነበር። ቢቆም ደግሞ...

ከዚያ ትልቁ ማዕበል መጣ።

እስከ ገደሉ ሥር ደረሰ። ጉልበቴን መታኝ። ታባኒ ተንገዳግዶ ቆመ። ውኃው ሲመለስ በእርሱና በእርሷ መካከል ያለው አሸዋ እንደ መስተዋት ለስልሷል።

አንድ ዱካ አልቀረም።

ኖማላንጋ እግሯን አንሥታ ቀረች። የምታሳርፍበት የለም። ቀስ በቀስ ፊቷ ወደ ባሕሩ ዞረ...

«ኖማ!» ብሎ ጮኸ ታባኒ። እያለቀሰ ነበር። «ያ ሁሉ ጎረቤት ያሸተተው ጭስሽ! ያሳረርሽው ገንፎ! ድስቱን እኮ ነው የጣልነው! ነይ እንጂ!»



ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«...ያሳረርከው አንተ ነህ» አለች።

እግሯንም በባዶው አሸዋ ላይ አሳረፈች።

«ወይኔ እግሬ! ምንድን ነው የወጋኝ? ውኃውስ ምን እንዲህ አበረደው?»

የወጋት ረግጣ የሰበረችው የቀንድ አውጣ ዛጎል ነበር። ከተረከዟ ደም ይወርዳል። ጎንበስ ብዬ መሬቱን አየሁ። ተረከዝ። ጣቶች። የእርሷ ዱካ፣ ጥርት ብሎ፣ ደም ያዘለ።

«ተሸከማት» አልሁት። «ሩጥ።»

ተሸክሟት ሮጠ። እኔም በዕድሜዬ ሮጬ የማላውቀውን ሩጫ ሮጥሁ። መኪናው ጋ ስንደርስ ከኋላችን መተላለፊያውን ባሕሩ ሞላው። ኢማኑኤል በሩን ከፍቶ ይጠብቀን ነበር። ገባን፣ ሄድን፤ መኪናውም እንደ ላባ ቀሎ ወሰደን።

ከከተማው አፋፍ፣ አስፋልቱ በሚጀምርበት፣ ጥልቀት የሌለው የባሕር ኩሬ አለ። አሽከርካሪዎች ሁሉ እዚያ ነው ቆመው የጎማቸውን ነፋስ መልሰው የሚሞሉት። እኛም ቆምን። ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጥታለች። ኖማላንጋ በዘይት የተጠበሰ ዳቦ በእጇ ይዛ አፏን ሞልታ ትበላለች፤ ታባኒ ተንበርክኮ ተረከዟን ይጠቀልልላታል።

«ቀስ በል እንጂ፣ ፍየል እያሰርክ ነው እንዴ?»

«ፍየል እንኳ ትሻላለች። አትናገርም።»

ከሜዳው ያስታወሰችው የመጀመሪያውን ዱካ ብቻ ነበር። ሌላውን ማንም አልነገራትም። እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ከልቤ አመሰገንሁ።

ኢማኑኤል በድንገት የነፋስ መሙያውን አጠፋው።



«አጎቴ» አለኝ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

ወደ ኩሬው ተመለከትሁ። ፍላሚንጎ የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ውኃውን ሞልተውታል፤ ቀን ቀን ከዚያ አይጠፉም፤ አንገታቸውን ደፍተው ይለቅማሉ። በስተ ደቡብ በኩል፣ እኛ በመጣንበት በኩል፣ መንጋው መከፈል ጀመረ። ወፎቹ አልበረሩም። አልደነገጡም። ገበያ ላይ ሰው ለሰው መንገድ እንደሚለቅ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ እያሉ ጠጋ ጠጋ አሉ።

በመካከላቸው ጠባብ መንገድ ተከፈተ። መንገዱ እየረዘመ በእኛ አጠገብ አለፈ... ወደ ከተማው ቤቶች አቀና።

በላዩ ላይ የሚታይ ምንም አልነበረም።

ኢማኑኤል ጎማዎቹን ሞልቶ ጨረሰ። ኖማላንጋ ዳቦዋን ጨረሰች። ዕቃችንን ሰብስበን መኪናው ውስጥ ገባን።

ወፎቹ መንገዱን ገና አልዘጉትም ነበር።