አርባ ስምንት ኪሎ ሰሊጥ

«ስንት ኪሎ ነሽ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረኝ እንዲህ ብሎ ነው። ከዓለማያ ተመርቄ ኮኪት አጠገብ ካለው የመንግሥት እርሻ ከተመደብሁ ገና ሳምንቴ ነበር። ከሰሊጡ ሚዛን አጠገብ ቆሜ ነው የጠየቀኝ።

«ስሜ አገኘሽ ነው፤ እኔ ጆንያ አይደለሁም» አልሁት አንገቴን ደፍቼ።

የትራክተር መካኒኩ ዋሴ ደነገጠ። «ኧረ እንደሱ አይደለም! ለፊት ወንበሩ ነው።»

ከጋራዡ ጀርባ ወስዶ አሳየኝ። ከቆላው ቀርከሃ፣ ከሽመል ያበጀው፣ አቡጀዲ የለበሰ፣ ክንፉ ላይና ታች ድርብ የሆነ፣ የአሮጌ ቮልስ ሞተር የገጠመለት ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን። ሥራ አስኪያጁ የፈቀደለት ከማሽላው ላይ ግሪሳ ወፍ እንዲያባርርበት ነው።

«የፊቱ ወንበር ባዶ ከሆነ ሚዛኑን አይጠብቅም» አለኝ። «ቀላል ሰው ያስፈልገኛል።»

«ወፎቹን ልቆጥርልህ?»

«ወፎቹን ለእኔ ተዪ። አንቺ ዝም ብለሽ ኪሎሽን ሁኚ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ሚዛኑ ላይ ቆምሁለት፤ አርባ ስምንት።

በዚያ መኸር ስድስት ጊዜ አብረን በረርን። ሞተሩ ስለሚጮህ አንነጋገርም። ከኋላዬ ሆኖ ግራ ትከሻዬን ሲነካኝ ወደ ግራ እንደምንዞር አውቃለሁ። አንዳንድ ቀን ይነካኝና ሳንዞር ቀጥ ብለን እንሄዳለን።

በኅዳር ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ።

«ቅዳሜ ሲነጋ በርሬ እሄዳለሁ» አለኝ፣ በአገጩ ከድንበሩ ማዶ ወደ ሱዳኗ ገላባት እያመለከተ። «መመለስ የለም። አገኘሽ፣ ሚስቴ ሆነሽ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብሁና አቀረቀርሁ። በእኛ አገር በጭልጋ ሴት ልጅ ስትጠየቅ አፍ አውጥታ «እሺ» አትልም። ያልፈለገች ናት ተነሥታ የምትወጣው። እኔ አልተነሣሁም። ፀሐይ እስክትጠልቅ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«ገባኝ» አለ በመጨረሻ።

የአዲስ አበባ ልጅ መሆኑን ረስቼ የገባው መሰለኝ።

ቅዳሜ ልብሴን በሻሽ ቋጥሬ ስደርስ ሞተሩ ተነሥቷል።

«አንች ልጅ፣ ወዴት ነው?» አሉኝ ጥበቃው ጋሽ አዛናው። «ይኸ ሰውዬ ደግሞ ምን ነካው? ለወፍ ማባረሪያ ሰሊጥ መዝኖ ይጭናል!»

ወንበሬ ላይ ጆንያ በገመድ ታስሯል።

ሮጥሁ። ስሙን እየጠራሁ ሮጥሁ። ዋሴ ፊት ለፊቱ ያለውን ጆንያ እያየ ከመሬት ተነሣ፤ ወደ ኋላ አልዞረም።

በጥር፣ ከገላባት ሽቶ የምታመጣው ነጋዴ ኩብራ ጎተተችኝና ጆሮዬ ሥር፣

«ያ መካኒክ ገዳሪፍ ነው» አለችኝ። «ወላሂ፣ ሰሊጡን እንኳ አልሸጠውም፤ ተንተርሶት ይተኛል። ‹ለምን እንቢ አለችኝ?› ብለሽ ጠይቂልኝ ብሏል።»

«እሺ ነው ያልሁት» አልኋት። «እሺ ብላለች በይው።»

ኩብራ ገዳሪፍ ስትደርስ ዋሴ ሥራ ፍለጋ ወደ ፖርት ሱዳን ከሄደ ሳምንት ሆኖት ነበር። አድራሻ አልተወም። እኔ በሚያዝያ ወደ ጎንደር ተዛወርሁ።