ጳጉሜን የማያውቀው አጋፋሪ

«ክንድሽን ዘርጊ። አታጥፊው እንጂ!»

ሰገነት ክንዷን ዘረጋች። እናቷ ወይዘሮ አይናዲስ አልጋዋ ላይ በትራስ ተደግፋ፣ ያላለቀውን ግራጫ ሹራብ እጅጌ ከልጇ ትከሻ እስከ አንጓዋ ለካችና ራሷን ነቀነቀች።

«የእሱ ከዚህም ያልፋል። የአባይነህ ክንድ መች ያልቅና! አሥመራ ደግሞ ማታ ማታ ይበርዳል አሉ።»

ሱፉ ቆዳዋን ሲነካት ሰገነትን ሰቀጠጣት። እናቷ የምትለካው ለሞተ ሰው ነበር። በዚያች ክፍል ውስጥ ይህን የምታውቀው ደግሞ ሰገነት ብቻ ነበረች።

ታላቅ ወንድሟ አባይነህ ፒያሳ ውስጥ ኮምፒዩተር ባለው አንድ መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር። በነሐሴ ለሥራ ወደ አሥመራ ላኩት። መንገድ ላይ መኪናቸው ገደል ገባችና እሱም ሞቶ እዚያው ተቀበረ። እናቱ ያን ሰሞን ሆዷን ኦፕራሲዮን ሆና ሆስፒታል ተኝታ ነበር። አጎታቸው አቶ ወልደገብርኤል ዘመድ ሰብስበው፣ «ስፌቷ ሳይደርቅ መርዶ? ልትገድሏት ነው? እንቁጣጣሽ ይለፍ» አሉ። እሳቸው ከተናገሩ በኋላ በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ማን ደፍሮ አፉን ይከፍታል? ሁሉም እንባውን ውጦ ዝም አለ።

ዝምታው ለሌላው ቀላል ነበር፤ ማታ ማታ ወደየቤቱ ይገባል። ከእናቷ ጋር እሪ በከንቱ ሰፈር ያለችው ቤት ውስጥ የቀረችው ግን ሰገነት ነች። ስልክ ስለሌላቸው እናቷ በየቀኑ ወደ መሥሪያ ቤቱ ትልካታለች፦ «ሂጂ፣ አባይነህ ደውሎ እንደሆነ ጓደኛውን እምሩን ጠይቂልኝ።» ሰገነትም በየቀኑ ደህንነቱን ይዛ ትመለሳለች። መጀመሪያ «ደህና ነኝ ብሏል» ይበቃ ነበር። ኋላ እናቷ ምን በላ፣ የት አደረ ማለት ስትጀምር ውሸቱም ሥጋ እያወጣ ሄደ። አንድ ቀን ጉንፋን አስያዘችው፤ በማግስቱ አዳነችው። አንዳንዴ ስታወራ የእውነት እዚያ ያለ ይመስላታል፤ ያ ነበር ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራት።

«ዛሬ ደግሞ እምሩን እንዲህ በይው» አለች እናቷ ሹራቡን እያጠፈች። «ሐኪሙ በእግርሽ ሂጂ ብሎኛል። ነገ አጎትሽ ሱቅ እመጣለሁ፤ እዚያ ስልክ አለ። አባይነህ እዚያ ይደውልልኝ። ወሬውን ጠግቤዋለሁ፣ ድምፁን ልስማ።»

ሰገነት እሺ ብላ ዝናብ ልብሷን አጥልቃ ወጣች።

* * *

የአጎቷ ሱቅ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ነው። አቶ ወልደገብርኤል የተላከችበትን ሲሰሙ ባንኮኒው ላይ ያለውን ጥቁር ስልክ አፍጥጠው ያዩት ጀመር።

«እምሩ የሰው ድምፅ ያስመስላል አይደል?» አሉ በመጨረሻ።

«ያስመስላል፤ ምነው ጋሼ?»

«የአባይነህን ድምፅ ሲያመጣማ እኔን ራሴን አሳስቶኛል። እሱ ይደውልላት። የክረምት መስመር ነው፣ ይንሿሿል፤ ማን ይለየዋል?»

ሰገነት የሰማችውን ማመን አቃታት። «ጋሼ፣ እንዴት ብሎ…»

«ሁለት ቃል ነው! ‹እማዬ፣ ደህና ነኝ› ብሎ ይዝጋ። በዓሉ እስኪያልፍ ነው። ሂጂና ንገሪው።» ይህን ሲሉ አላዩዋትም። ዞር ብለው የተደረደሩትን የሳሙና ካርቶኖች ያለ ምክንያት ያስተካክሉ ጀመር።

* * *

ጳጉሜን አንድ ነበር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ፒያሳ በቀትር ጨላልማለች። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ከማለዳ ጀምሮ መብራት ስለጠፋ አብዛኛው ወጥቷል። እምሩ ግን ኮምፒዩተሩ ክፍል ውስጥ ብቻውን ነበር፤ መብራቱ ገና መምጣቱ ነው።

ሰገነት ያንን ክፍል ወዳው አታውቅም። አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ወለሉ ሲረገጥ ባዶ ጉድጓድ ላይ የቆሙ ያህል ይጮኻል፤ ቁም ሣጥን የሚያካክሉት ብረቶች ሰው ኖረም አልኖረም ያጉረመርማሉ። ግድግዳው ላይ ጃንሆይ ከፎቶአቸው ሆነው ቁልቁል ያያሉ። ድሮ አባይነህ ሲኖር ሳቁ ክፍሉን ያሞቀው ነበር።

እምሩ የአባይነህ የልብ ጓደኛ ነው፤ የአራዳ ልጅ፣ ተረበኛ፣ ያየውን ሁሉ አስመስሎ የሚያስቅ። በዚያች ወር ግን አንገቱ ቀጥኖ ሸሚዙ ሰፍቶታል። መልእክቱን ነገረችው።

«በእሱ ድምፅ?»

«ጋሼ ናቸው ያሉት። ሁለት ቃል ነው አሉ።»

እምሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ዐይኑን ጨፈነና፣ «ሰጊዬ፣ እንዴት ነ…» አለ።

ሰገነት ወደ ኋላ ሸሸች። የአባይነህ ድምፅ ነበር፤ ያው ሳቅ ያዘለው፣ ከአፍንጫ ትንሽ የሚወጣው። እምሩም ራሱን የሰማ ጊዜ ደነገጠና ቃሉን ሳይጨርስ አፉን በመዳፉ ያዘ።

«እሺ፣ እደውላለሁ» አለ በኋላ፣ ቀስ ብሎ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ይህን ጉድ ላስነሳ። ሥራ ተቆልሏል።»

ከማሽኑ ጋር የተያያዘው የጽሕፈት መኪና ፊት ተቀመጠ። ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቀኑን ነው። እምሩ ነሐሴ ሠላሳ ብሎ ጻፈለት።

«ዛሬ ጳጉሜን አንድ አይደለም እንዴ?» አለች ሰገነት።

«ይህ ፈረንጅ የሠራው ነው። ዐሥራ ሦስተኛ ወር ብትይው አልቀበልም ይልሻል። ስለዚህ ጳጉሜን እስኪያልፍ በየቀኑ ነሐሴ ሠላሳ ነው እንለዋለን። አምናም እንዲሁ አደረግን።»

ሰገነት አባይነህ የነገራት ትዝ አላት። ማሽኑ ውስጥ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚገዛ አንድ ፕሮግራም አለ፤ አባይነህ ‹አጋፋሪው› የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። ማተሚያውንም ሆነ የተበሱትን የሥራ ካርዶች የሚያነበውን ካርድ ማንበቢያ በራሱ እጅ የሚነካ ፕሮግራም የለም። ማተም የፈለገ ደጅ ቆሞ አጋፋሪውን ይለምናል፤ አጋፋሪው ሲፈቅድ ያሠራለታል፣ ካልፈቀደም ቆሞ ይጠብቃል። ቀኑን እንኳን የሚጠይቁት እሱን ነው። «እሱስ ከየት ያውቃል?» ብላው ነበር። «እኛ የነገርነውን ነዋ!» አለ አባይነህ እየሳቀ። «እኛ ከዋሸነው እሱም ይዋሻቸዋል። እነሱ እንደሆነ ወጥተው ሰማዩን አያዩ።»

እምሩ ካርዶቹን ሊያስተካክል ተነሳ። ወዲያው የጽሕፈት መኪናው ማንም ሳይነካው ተንቀሳቀሰ። ቀጭቀጭ፣ ቀጭቀጭ አለና ቆመ፤ እንደገና ቀጠለ። ሰገነት ጠጋ ብላ አየች። ፊደሉ የፈረንጅ ነው፤ ስታነበው ግን አማርኛ ሆነባት።

*እምሩ፣ ትናንት ነሐሴ ሠላሳ ነው አልከኝ። ዛሬም ነሐሴ ሠላሳ? አትሸውደኝ። እውነተኛውን ቀን ንገረኝ። አባይነህ ነኝ።*

«ጋሽ እምሩ!» ብላ ተጣራች።

እምሩ መጥቶ አነበበና ወንበሩን ያዘ። «ማሽኑ ሲነሳ የሚጀምረውን ፕሮግራም የሠራው እሱ ነው» አለ፣ ለራሱ በሚያወራ ድምፅ። «አጋፋሪው ጳጉሜን ባያውቅም ይህ ፕሮግራም ያውቃል፤ ቀኑን ጠይቆ ከትናንቱ ጋር ያስተያየዋል ማለት ነው። ሲሄድ፣ ‹ጳጉሜን ላይ ጉድህ ይፈላል› ብሎኝ ነበር። ከአሥመራ ሆኖ ሊስቅብኝ… ተረቡን ነው የተወልኝ።»

ከጽሕፈት መኪናው በላይ ትንሽ ቢጫ መብራት በራች። መልስ እየጠበቀ ነበር። ሌላው ሥራ ሁሉ ከዚህ ፕሮግራም ኋላ ተሰልፏልና ካርድ ማንበቢያው አይንቀሳቀስ፣ ማተሚያው ዝም።

እምሩ በፈራ ጣት ነሐሴ ሠላሳ ብሎ ደገመ። ማሽኑ ወዲያው መለሰ።

*አልሰማሁም። እጠብቃለሁ።*

ሰገነት ብርዱ እስከ አጥንቷ ተሰማት። ተረብ መሆኑን ታውቃለች፤ ወንድሟ በሕይወት ሳለ እየሳቀ የጻፈው መሆኑን ታውቃለች። ቢሆንም በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ያለ መሰላት፤ ዞራም አየች። ማንም አልነበረም።

«ለአጋፋሪው ‹አስወጣው› ብዬ ብጽፍ አንገቱን ይዞ ያስወጣዋል» አለ እምሩ። «አንድ ቃል ነው። ግን እንዴት አድርጌ? እኔ እንዴት አድርጌ ላባርረው?» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሰገነት ቢጫዋን መብራት እያየች ቆመች። እናቷ ታየቻት፦ ከመኝታዋ ሳትወጣ፣ እነሱ በነገሯት ቀን ውስጥ ተቀምጣ፣ መርፌዋን ወዲያ ወዲህ ስታመላልስ። ነገ ደግሞ በዚያ ቁስሏ ድልድዩ ድረስ ሄዳ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ የእምሩን ድምፅ «ልጄ» ስትል። ከዚያ በኋላ እውነቱን የምትሰማበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ስለ ስልኩ ምን ይሏታል?

ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና በአንድ ጣቷ፣ ፊደል እየፈለገች ጻፈች። ጳጉሜን አንድ።

የጽሕፈት መኪናው ለአንድ አፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ተንቀሳቀሰ።

*ይኸው ነው? ይህን ለመናገር ነው እንዲህ የፈራኸው? በል፣ ወደ ሥራችን።*

ቢጫዋ መብራት ጠፋች። ቆሞ የነበረው ሁሉ ባንዴ ተነሳ፤ ካርዶቹ እየተንሸራተቱ ይነበቡ ጀመር፣ ማተሚያውም ጮኸ። ሰገነት ፊቷን በመዳፏ ሸፍና አለቀሰች። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው፤ ማተሚያው ድምፅዋን ዋጠላት።

«ጋሽ እምሩ» አለች ፊቷን ስትጠርግ፣ «ነገ አትደውል።»

«አጎትሽስ?»

«ለእሳቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።»

እምሩ የአባይነህ መልእክት ያለበትን ወረቀት ከጽሕፈት መኪናው ቀደደና አጥፎ ሰጣት። ከዝናብ ልብሷ ሥር፣ ከደረቷ አስጠግታ ያዘችው።

* * *

አቶ ወልደገብርኤል ሲሰሟት መጀመሪያ ተቆጡ። «ትሞትብሻለች!» አሉ። «ያን ጊዜ ምን ትያለሽ?»

ሰገነት ይህን ፍርሃት ታውቀዋለች፤ መንገዱን ሙሉ አብሯት መጥቷል። «ሐኪሙ ስፌቷን ፈትቶላታል፣ ጋሼ። በእግሯ እርስዎ ዘንድ ልትመጣ ተነስታለች። ነገ በጠዋት ሰው ይዘው ይምጡ። ካልመጡ እኔ ነኝ የምነግራት፤ እኔ ደግሞ እንዴት እንደሚነገር አላውቅም።»

አጎቷ ገና ሳይመሽ የሱቁን መዝጊያ መግፋት ጀመሩ። «ዘመዳችንን ገብረሕይወትን ልጥራ» አሉ፤ «የንስሐ አባቷንም ማናገር አለብኝ።»

ሰገነት ቤት ስትደርስ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። እናቷ መርፌዎቿን እንደያዘች ቀና አለች።

«ደወለ?»

በየቀኑ እንደምታደርገው መልሱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«አልደወለም፣ እማዬ።»

መርፌዎቹ ቆሙ። «ለነገውስ ነገርሽልኝ? አጎትሽ ሱቅ…»

«አንቺ አትሂጂ። ጋሼ ናቸው የሚመጡት። በጠዋት።»

ወይዘሮ አይናዲስ ልጇን አየቻት፤ ያበጠ ዐይኗን፣ ደረቷ ላይ የያዘችውን እጇን። በጠዋት ከማን ጋር እንደሚመጡ አልጠየቀችም። ለምን እንደሚመጡም አልጠየቀችም። እጅጌውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በመዳፏ ዳበሰችው። ከዚያ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀችላት።

«ነይ፣ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው የምታድሪው» አለች። ሰገነት ስትቀመጥ እጅጌውን አነሳችና፣ «ክንድሽን ዘርጊ» አለቻት።

ሰገነት ክንዷን ዘረጋች። እናቷ ከትከሻዋ ጀምራ ለካች። ለአባይነህ ያጥራል ያለችው እጅጌ ሰገነት አንጓ ላይ ልክ ደረሰ። እናቷ ክሩን እዚያው ላይ ቋጠረችው።