እናት ላለው ሰው የተሠራ ፕሮግራም

ወረቀቱን እንዳየችው ልትቀደው ነበር።

ሲያዩት ግን ያምራል። ለሐኪምነት ፈቃድ ፈተናው የቀረው ስምንት ሳምንት ቀን በቀን ተከፋፍሎ በአራት ቀለም ተቀብቷል፤ ሰማያዊው የውስጥ ደዌ፣ ቀዩ ቀዶ ሕክምና፣ አረንጓዴው የሕፃናት፣ ቢጫው የማህፀንና ፅንስ። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ጥናት፣ መቶ ጥያቄ። መሀል ላይ «ምሳ፣ ሠላሳ ደቂቃ» ይላል።

«ምሳውን ማነው የሚሠራው?» አለችው ፕሮግራሙን ያወጣላትን፣ አብሯት የሚፈተነውን ልጅ።

«የቱን ምሳ?»

«ይሄን ሠላሳ ደቂቃ የተፈቀደለትን።»

ጓደኞቹ «መቶ ገጽ» ይሉታል፤ በቀን መቶ ገጽ ሳያነብ አይውልም። የተዋወቁት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ሶኬት አጠገብ ባለችው አንዲት ወንበር ተጣልተው ነው። ያን ቀን ወንበሯንም ልቡንም ተነጥቆ ወጣ። አሁን ግን ጥያቄዋ ቀልድ መሰለውና ሳቀ። ነገሩን ያበላሸው ሳቁ ነው።

«ይሄ እናት ላለው ሰው የተሠራ ፕሮግራም ነው!» ጮኸችበት። «ምሳህ ከሰማይ የሚወርድ፣ ሸሚዝህ ራሱን አጥቦ፣ ራሱን ተኩሶ ቁም ሳጥን የሚገባ ይመስልሃል!»

«እኔ እኮ ልረዳሽ ብዬ...»

«አልረዳኸኝም፤ ሰደብከኝ። ያውም በአራት ቀለም።»

ቁጣዋ እውነት ነበረው። ሁለት ጊዜ ወድቃለች፣ ሁለተኛውን በሦስት ነጥብ። ይህ ሦስተኛውና የመጨረሻው ነው፤ ከወደቀች የሰባት ዓመት ትምህርቷ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ታላቅ ወንድሟ ከወዲሁ ፈርዷል፦ «ሕክምና ላንቺ አልተጻፈም፤ አርፈሽ አባታችንን ጠብቂ።» አባታቸው ስትሮክ ከመታቸው አሥራ አንድ ወር ሆኗል። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፤ ከአፋቸው የቀረው ቃል አንድ ብቻ ነው፦ «ቆይ»። በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጡ ገላቸው ይቆስላል። የምታገላብጣቸው እሷ ናት። ሰው ሁሉ «የተባረክሽ ልጅ» ይላታል። ምርቃት ምን ይገዳል? የመረቀ ሁሉ አንዴ ብብታቸውን ይዞ ቢያነሳላት ኖሮ ዛሬ ሐኪም በሆነች!

«ቅዳሜ ና» አለችው። «አንድ ቀን የኔን ፕሮግራም ኑርና ከዚያ በኋላ ቀለምህን ትቀባለህ።»

ቅዳሜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት መጽሐፉን በብብቱ ይዞ መጣ። አባቷን አገላበጠ፣ አንሶላ ቀየረ። እንዳያንቃቸው ሾርባውን ጠብታ ጠብታ ሲያጎርሳቸው አርባ ደቂቃ ሄደ። አንሶላውን አጥቦ ሳያሰጣ የማገላበጫው ሰዓት ደረሰ። ሽንኩርት ከተፈ፣ ጣቱንም አብሮ።

አሥር ሰዓት ላይ «ስንት ገጽ አነበብክ?» ስትል ጠየቀችው።

«አራት።»

«ጎበዝ! እኔ ሁለት ነው። ስምህን እንቀይረው እንዴ?»

አልሳቀም። በሳሙና የተሰነጣጠቁ እጆቿን አያቸው። አስተያየቱ ከንፈር መምጠጥ ቢሆን ኖሮ ታባርረው ነበር። ግን ቁጣ ነበር፤ የእሷው ዓይነት ቁጣ። ያኔ ነው የወደደችው፣ ምንም እንኳ ለራሷ ያመነችው ከሳምንታት በኋላ ቢሆን።

ወንድሟ ገባ። ጫማውን አውልቆ ሶፋው ላይ ተዘረጋና «የሚበላ አለ?» አለ።

መቶ ገጽ ብድግ አለ። «አባትዎን በስንት ሰዓት ነው የሚያገላብጧቸው?»

«እኔ? እሷ አለች አይደል እንዴ?»

«እሷማ አለች። እርስዎ የት አሉ?»

እጁን ይዛ አስቀመጠችው። «ጠበቃ ቅጠርልኝ አላልኩህም፤ አፍ አለኝ።» ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም፤ ጩኸቱ ደግሞ የባለቤቱ መሆን አለበት። ወደ ወንድሟ ዞረች። «ወንድም ጋሼ፣ የወደቅኩት ደደብ ስለሆንኩ አይደለም። በየሁለት ሰዓቱ ስለምነሳ ነው።»

«አባትሽ እኮ ነው!»

«ያንተስ? የጎረቤት ነው?»

ከውስጥ ክፍል «ቆይ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ሰማህ?» አለችው። «ለኔ ቢሆን ‹ቆዪ› ነበር የሚለው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ሲጠራ የኖረው ወንድ ልጁን ነው።»

ወንድሟ ከሶፋው ተነሳ። ባዶ እግሩን ወደ ውስጥ ገባ።

«እውነትሽን ነው?» አላት መቶ ገጽ በሹክሹክታ።

«ሐኪም አይደለህ እንዴ? በሽታው ያስቀረው ቃል ነው፤ ለድመቷም ‹ቆይ› ነው የሚላት።»

«ታዲያ ዋሸሽው?»

«በሽታው ከሺህ ቃል መሀል ያችን ለምን እንዳስቀረ መጽሐፉ አይናገርም» አለች።

ከውስጥ የአልጋው ማቃሰት ተሰማ። ወንድሟ አያውቅበትም። ልትሮጥ ስትነሳ መቶ ገጽ ክንዷን ያዘ።

«ተቀመጪ። ይልመድ።»

«ይጥለዋል!»

«ካቃተው ይጠራናል። ተቀመጪ፣ ዶክተር።»

ተቀመጠች። ባለ አራት ቀለሙን ገለበጡና በጀርባው አዲስ ፕሮግራም ጻፉ። ቀኑን በሁለት ሁለት ሰዓት ቆረጡት፤ በየተራው ከሦስቱ የአንዱ ስም፣ ወንድሟም ከሥራ መልስና ቅዳሜን ሙሉ። ስምንት ሳምንት እያጉረመረመ ሠራው።

ውጤቱ ሲወጣ ሁለቱም አልፈዋል፣ እሷ በስድስት ነጥብ በልጣው። ሰፈሯ ስትመለስ ግን ወንድሟ በር ላይ ቆሞ ለጎረቤት «ያስጠናኋት እኔ ነኝ» እያለ ደረሰች። ደሟ ፈላ።

«አግቢኝ» አላት መቶ ገጽ ከኋላዋ።

«ተናድጄ ሳለሁ አትጠይቀኝ!»

«ታዲያ መቼ ልጠይቅሽ? ያልተናደድሽበትን ቀን እኮ አይቼ አላውቅም።»

ሳቋን ታገለችው፤ አሸነፋት። «እሺ» አለችው ዓይኗን እየጠረገች። «መጀመሪያ ግን ያንን ውሸታም ልናገረውና ልምጣ።»