የአቶ ዲበኩሉ ስም በር ላይ የወጣ ቀን

«…ይህንን ታሪካዊ ስፍራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙት አያቴ፣ አቶ ዲበኩሉ አምባዬ ናቸው!»

ጂቱ የመጨረሻውን ቃል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጨረሰችና ጭብጨባ ጠበቀች። በአዲሱ አዳራሽ ውስጥ ከጓደኛዋ ከፋዲላ በቀር ማንም የለም። ፋዲላ ደግሞ አላጨበጨበችም።

«ምነው? አላማረም?»

«አምሯል። ግን ያገኙት እሳቸው አይደሉም። የኔ አያት አኮዬ ናት፤ የሸክላ አፈር ስትቆፍር።»

«እየፎገርሽኝ ነው?»

«ወላሂ! አያቴ ራሷ ነች የነገረችኝ።»

ጂቱ ደሟ ፈላ። ከሶደሬ ማዶ የተሠራው ይህ የጎብኚዎች ማዕከል ነገ ጠዋት በአያቷ ስም ሊመረቅ ነው። አቶ ዲበኩሉ ሠላሳ ዓመት በባህል ቢሮ ሲያገለግሉ ከደመወዛቸው በቀር ያገኙት ነገር የለም። ሞተው እንኳ አንድ ክብር ቢያገኙ የገዛ ጓደኛዋ ልትቀማቸው? ቅናት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!

«ማስረጃሽስ?»

ፋዲላ ወደ መስታወቱ ሳጥን ጠቆመች። ከጥንት የድንጋይ መሣሪያዎቹ ጎን የአቶ ዲበኩሉ የቢሮ መዝገብ ተከፍቶ ተቀምጧል። ጂቱ አጠገቡ ስንቴ ፎቶ ተነስታለች፤ አንብባው ግን አታውቅም። ጎንበስ አለች።

«አምጪ፦ ወይዘሮ ቡዜ ገርባ፣ ሸክላ ሠሪ። ድንጋዩን በጆንያ አዝለው አዳማ ድረስ መጥተዋል። ሦስት ቢሮ መልሷቸዋል። የሰው እጅ የሠራው ነው ይላሉ። አምኛቸዋለሁ። ነገ አብሬያቸው ሄጄ ቦታውን አያለሁ።»

ሁለቴ አነበበችው። መጀመሪያ አፈረች። ከዚያ አያቷ ፊቷ ላይ ድቅን አሉባት። ሌላው ሁሉ «ድንጋይ ተሸክመሽ መጣሽ?» ብሎ ሲስቅ፣ እሳቸው ብዕር አንስተው የሴትዮዋን ስም ጠየቁ። እንዲህ ያለ ሰው የልጅ ልጅ መሆኗ ደረቷን ሞላው።

«ነገ አኮዬም ትመጣለች» አለች ፋዲላ። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር ሲሆንባት ምን እላታለሁ?»

በማግስቱ ጂቱ የንግግሩን ጽሑፍ ያዘጋጁትን የቢሮውን ባለሙያ፣ ወይዘሮ ሙሉአለምን፣ በር ላይ ጠብቃ ነገረቻቸው። እሳቸው ሰዓታቸውን አዩ።

«የኔ ልጅ፣ ጽሑፉ ጸድቋል። ደግሞስ የአያትሽን ክብር ለምን ትቀንሻለሽ? እንዳለ አንብቢው።»

ጂቱ ወደ አዳራሹ ገባች። እናቷ የፊት ወንበር ላይ ገና ሳይጀመር በደስታ ታለቅሳለች። ከሁሉም ኋላ፣ ከፋዲላ አጠገብ፣ ወይዘሮ ቡዜ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ያንን ዓረፍተ ነገር ካነበበችው እኚህ እናት ይሰሟታል። ካላነበበችው ደግሞ እናቷ ምን ትላለች?

ስሟ ተጠራ። ማይኩ ፊት ቆመች። ወረቀቱን አጠፈችው።

«አያቴ ይህንን ቦታ አላገኙትም» አለች።

የእናቷ መሐረብ አየር ላይ ቀረ። ጂቱ ግን ድምፅዋ ከትናንቱ ይልቅ ጠንክሮ ሲወጣ ተሰማት።

«ያገኙት እዚያ ኋላ የተቀመጡት ወይዘሮ ቡዜ ናቸው። በሩ ላይ የአያቴ ስም መጻፉ ግን ይገባቸዋል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።»