የአምቡላንሱ ልጓም

ዘጠኝ የነበሩት ሳተላይቶች በአንዴ ዜሮ ገቡ።

እስከዳር ስልኳን ከትምህርት ቤቱ አጥር በላይ አነሳች። አቅጣጫ የሚያሳዩትን ሳተላይቶች በስልኳ መቁጠር ጨዋታዋ ነው።

«እስኩ ሳተላይት! ዛሬስ ስንት ወለዱ?» አለ የክፍሏ ልጅ ምንተስኖት።

«ሁሉም ጠፉ።»

ከወር በፊት እንዲህ ሲሆን ደብተሯ ላይ «ጉም በልቷቸው ነው» ብላ ጽፋ ነበር። ዛሬ ግን የመሐል ሜዳ ከተማ ሰማይ ጥርት ብሏል። ቀና ስትል የአጎቷ የጋሼ አበረ አምቡላንስ አጥሩን ታኮ ወደ ገበያ ታጠፈ። መኪናው ሲርቅ ሳተላይቶቹ አንድ በአንድ ተመለሱ።

ደብተሯን ገለጠች። ስድስት ጊዜ ጠፍተዋል። ስድስቱም በገበያ ቀን።

ከትምህርት ስትመለስ አምቡላንሱ ከአጎቷ ጋር በምትኖርበት ቤት ደጃፍ ቆሟል። የኋላ በሩን ከፈተችና አፍንጫዋን ያዘች። የበሽተኛው አልጋ ላይ የበግ በጠጥ ተለጥፏል፤ ማሰሪያው ላይ የበግ ጸጉር ተጠምጥሟል። ከመሪው አጠገብ አንቴና ያላት ጥቁር ሣጥን ተሰክታለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱማ ልጓም ነው» አሉ ጋሼ አበረ እየሳቁ። «ይቺ መኪና አፈኛ ናት። የት እንደዋልኩ በሳተላይት እያየች ለቢሮ ታሳብቃለች። ለጎምኳት!»

«በሽተኛ ቢጠራዎትስ?»

«የነጋዴ በግ ከበሽተኛ ይሻላል፤ አያቃስትም።»

እስከዳር አልሳቀችም። ባለፈው የገበያ ቀን ጎረቤታቸው እታገኝ ምጥ ይዟት አምቡላንስ ስትጠብቅ ዋለች። ጋሼ አበረ በስልክ «ራቤል ከተማ ነኝ፣ መንገዱ ጭቃ ነው» አሉ። ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ሲያደርሳት ሕፃኑ ሞቶ ነበር። የዚያን ቀን የእስከዳር ደብተር ግን «አምስት ሰዓት ከሃያ፣ ዜሮ» ይላል። ጋሼ አበረ ራቤል አልነበሩም። እዚሁ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ አልፈዋል።

«ነይ ብዪ! ነጋዴው የሙክት ጭን ሰጥቶናል።»

ማዕዱ ላይ ጠቅልለው አጎረሷት። የታላቅ ጉርሻ አይመለስም። ጣታቸው በጠጥ በጠጥ ይሸታል።

«ደግሞ የሣጥኗን ነገር ለማንም እንዳትናገሪ» አሉ። «እዚህ ቤት እየኖርሽ መማር ከፈለግሽ፣ ላንቺም ልጓም አለኝ።»

እናትና አባቷ ሩቅ፣ ግሼ ገጠር ናቸው። ከዚህ ቤት ከወጣች የምታድርበት የላትም፤ ትምህርቷም ያበቃል።

ወደ ጓሮ ወጥታ ጉርሻውን ተፋችው። አፏን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠች። ሽታው አልለቀቃትም።

የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ፣ ሲስተር ብርነሽ፣ እታገኝ ቤት ለማጽናናት የመጣች ዕለት «ግን አምቡላንሱ ለምን ዘገየ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቢሮዋ አለች።

እስከዳር ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ከቀኑና ከሰዓቱ ሥር «ሳተላይቱን ያጠፉት ጋሼ አበረ ናቸው» ብላ ጻፈች። ጥቂት አየችው። ከዚያ ሙሉውን ሰርዛ እንደ አዲስ ጀመረች።

«አበረ ነው ያጠፋው።»

ደብተሩን ብብቷ ሥር ይዛ በጓሮ በር ወደ ጤና ጣቢያው ወጣች።