የሦስቱ ገንዘብ ጠያቂዎች ጠበቃ

ጠበቃ ሲራክ የሞተው ለቡ መብራት ኃይል፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው በራሱ ቢሮ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጸሐፊው ሩቲና ደንበኛው ወይዘሮ ዙሌካ በሩን ገፋ አድርገው ሲገቡ ከጠረጴዛው አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ አገኙት። በሩ በንፋስ እንዳይዘጋ የሚደገፍበት ወፍራም ብረት ከጎኑ ተጥሏል። ምንጣፉ ላይ የፈሰሰው ደም መድረቅ ጀምሯል።

ሩቲ ጮኸች። ዙሌካ አልጮኸችም። ዓይኗ ከአስከሬኑ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሥር ሄደ። እዚያ አንድ አረንጓዴ የቆርቆሮ ሳጥን ሦስት ጓጉንቸር እንደተንጠለጠለበት ተቀምጧል። ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው። ትንፋሿን ለቀቀች። ወዲያው ግን፣ ሰው እግሯ ሥር ወድቆ እሷ ሳጥን ማየቷ ራሷን አስፈራት። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

ኢንስፔክተር መቅደላዊት ስትደርስ ከቀትር ጀምሮ የጠፋው መብራት አልመጣም ነበር። አጭር፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ሰው ሲያወራ እጁን የምታይ ሴት ናት። ክፍሉን ዞራ አየችና ዙሌካን ኮሪደሩ ላይ ወንበር አስመጥታ አስቀመጠቻት።

«ይህን ጠበቃ ለምን ቀጠራችሁት?»

«ገንዘባችንን እንዲያስመልስልን ነዋ። ፉሪ ሶፋ የሚያመርት ደምሰው የሚባል ሰው ነበር። እኔ ስፖንጅ፣ ጋሽ ሸምሱ ጣውላ፣ ዳኜ ደግሞ ብረት በዱቤ እንሰጠው ነበር። ቼክ ጻፈልን፤ ቼኩ ደረቅ ሆነ። ከዚያ ቤቱን ዘግቶ ስልኩን አጠፋ።»

«ለየብቻ አትከሱም ነበር?»

«የቀደመ ጠራርጎ ይወስዳል፣ የዘገየ ባዶ እጁን ይቀራል ተባልን። ሲራክ ደግሞ ሥራው የከሰረ ነጋዴ ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤት ‹ከስሯል› ብሎ ሲወስን ያለው ንብረት ሁሉ ይሰበሰብና ለሁላችን በየድርሻችን ይከፋፈላል አለን። ሦስታችን አዋጥተን ቀጠርነው።»

«ሳጥኑስ?»

«ዋናዎቹ ቼኮች ያሉበት ነው። አንዳችን በስውር ከደምሰው ጋር ተስማምቶ ቼኩን እንዳይመልስለት ብለን ነው። እንደ እድር ሳጥን፣ ሦስታችንም ቁልፋችንን ይዘን ካልመጣን አይከፈትም። ነገ አቤቱታው ሲገባ ሊከፈት ነበር።»

ኢንስፔክተሯ የዙሌካን እጆች አየች። የሻሿን ጫፍ ይጠመዝዛሉ።

«ሩቲ ስትመጣ እርስዎ ከደረጃው እየወረዱ ነበር።»

«አንኳኳሁ፣ የመለሰልኝ የለም። የወጣ መስሎኝ ተመለስኩ።»

«በሩ አልተቆለፈም እኮ።»

«ቢሆንስ? ሰው ቢሮ ዝም ተብሎ ይገባል?»

«ባለፈው ሳምንት ከጠበቃው ጋር በጥብቅናው አበል ተጨቃጭቃችኋል ተብሏል።»

«ተጨቃጭቀናል፤ አልዋሽም።» ዙሌካ ሻሿን ሳበች። «ስፖንጁን ያመጣሁት ቤቴን አስይዤ በተበደርኩት ነው። ባንኩ በሃያ አምስት በሐራጅ ሊሸጠው ነው። አቤቱታው ከገባ ግን ይታገሡሽ ይሆናል ብሎኝ ነበር ሲራክ። እሱን ገድዬ ልጆቼን ይዤ የት ልወድቅ ነው?» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ያሳፍራል። ወድቆ ሳየው መጀመሪያ የተመለከትኩት ሳጥኑን ነው።»

መቅደላዊት ይህን በማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። «ለጊዜው ከከተማ እንዳይወጡ» አለቻት። ዙሌካ ያንን ቃል ይዛ ደረጃውን ስትወርድ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ሸምሱ ፖሊስ ጣቢያ ተጠሩ። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ከዘራ የያዙ ሰው ናቸው።

«ሳጥኑ የት አለ?» አሉ ከበሩ።

«መጀመሪያ ይቀመጡ ጋሼ።»

«መቀመጡ ይደርሳል። ሳጥኑ የት አለ?»

«እኛ ዘንድ ነው፤ እንደተቆለፈ።»

ይህን ሲሰሙ ተቀመጡ።

«ስለ ሟቹ እንኳ አልጠየቁኝም» አለች መቅደላዊት።

«እሱንማ አላህ ይዘንለት። ግን ልጄ፣ የእኔ ቼክ የሠላሳ ዓመት ልፋት ነው። ሳጥኑም የራሴ ነው፤ የሰፈራችን እድር አዲስ ሲያሠራ አሮጌውን በመቶ ብር ገዛሁት። መቼ ነው የምትከፍቱልን?»

«ማክሰኞ ጠበቃውን መቼ አዩት?»

«ስምንት ሰዓት። በዚህ ጉልበቴ ሦስት ፎቅ ወጣሁ። ፊቱ ጠቁሯል። ምነው ስለው ‹ነገ ለሦስታችሁም እነግራችኋለሁ› አለኝ።»

ከእሳቸው ቀጥሎ የገባው ዳኜ ጥቁር ለብሷል። ዓይኑ ቀልቷል። ለቅሶ ቤት አድሮ፣ ድንኳን አስተክሎ፣ ወንበር አስጭኖ መምጣቱን አንድ ፖሊስ ቀደም ብሎ ለመቅደላዊት ነግሯታል።

«እንደ ወንድሜ ነበር» አለ ዳኜ። «ሁለት ሕፃናት ጥሎ ሄደ። ማን ያሳድጋቸዋል?»

«ማክሰኞ ስንት ሰዓት ነበር የሄዱት?»

«ዘጠኝ ተኩል ገባሁ፣ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ወጣሁ። ደኅና ነበር። እኔን ከምትጠይቂ ደምሰውን ፈልጉት። ከስሯል ተብሎ እንዳይወሰንበት የማያደርገው የለም።»

«የእርስዎ ቼክ ስንት ነው?»

«አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ። ሰው ከሞተ በኋላ ግን ብር ምን ያደርጋል እህቴ?»

በሩ አጠገብ የቆመው ፖሊስ ራሱን ነቀነቀ። መቅደላዊትም ለአፍታ ልቧ ራራ። ዳኜ ሲወጣ ግን ማስታወሻዋን ወደኋላ ገልጣ ረዘም ላለ ጊዜ አነበበች።

ሩቲ ከሰዓት በኋላ መጣች።

«ሰኞ ዕለት ጋሽ ሲራክ የደምሰውን ንብረት ሊያጣራ መኪና ወደሚመዘገብበት ቢሮ ሄዶ ነበር። አንድ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። አላሳየኝም። ‹ከሦስቱ አንዱ ዋሽቶናል› አለኝ ብቻ።»

«ማክሰኞስ?»

«መብራት ስለሌለ አቤቱታውን ላሳትም ፍላሹን ይዤ ጄኔሬተር ያለው ቤት ሄድኩ። ዘጠኝ ሰዓት ነው የወጣሁት። የከተማው ሰው ሁሉ እዚያ ተሰልፎ ነበር።»

«ቢሮው ውስጥ ምንም የመኪና ወረቀት አላገኘሁም» አለች መቅደላዊት።

ሩቲ ፊቷ ገረጣ። «የገደለው ሰው ወስዶታል ማለት ነው።»

ያን ዕለት ዙሌካ ሱቋን ገርበብ አድርጋ ዋለች። ከውጭ የመኪና በር በተዘጋ ቁጥር ትደነግጣለች። ሊያስሯት የሚመጡ ይመስላታል፤ ደግሞ ያ ጠበቃውን የገደለ ሰው የሚመጣባት ይመስላታል። ሸምሱ ደወሉላት፤ አላነሳችም። ዳኜ ደወለላት፤ አላነሳችም። ከሁለት አንዱ ነው ብላ ታስብና፣ እነሱም ይህንኑ ስለ እኔ ያስቡ ይሆናል ትላለች። የተከመረው ስፖንጅ ድምፅ ሁሉ እየዋጠ የገዛ ትንፋሿን ብቻ ያሰማታል።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ሲራክ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ምንጣፉ ተነሥቷል። ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ክፈቱት» አለች።

ሦስቱም በየተራ ቁልፋቸውን አስገቡ። ጓጉንቸሮቹ ያለ ችግር ተከፈቱ። ሸምሱ ክዳኑን አነሱት። ሳጥኑ ባዶ ነበር።

ሸምሱ ወደ ዙሌካ ዞሩ። «መጨረሻ እዚህ የመጣሽው አንቺ ነሽ።»

«ጋሼ፣ በአላህ፣ እኔ እኮ…» የራሷን ቁልፍ እንደ ጋለ ብረት ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«ተረጋጉ» አለች መቅደላዊት። «ከደምሰው እንጀምር። ከሁለት ሳምንት በፊት ሐዋሳ ሆስፒታል ገብቷል፤ ማክሰኞም እዚያው ተኝቶ ነበር። ስለዚህ እሱን እንተወው። አሁን የሳጥኑን ጀርባ እዩ።»

ሳጥኑን አዞረችው። ክዳኑ በሁለት ማጠፊያ ተይዟል። የአንደኛው ምስማር እንደ ሳጥኑ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው። የሌላው ግን ቀለሙ ተፍቆ ያብረቀርቃል፤ አናቱም ከተቃራኒው ወገን ነው።

«ሌባው ጓጉንቸሮቹን አልነካም። ምስማሩን አውጥቶ፣ ክዳኑን ከኋላ በአንድ ጥጉ ቀና አድርጎ፣ ቼኮቹን ወስዶ ምስማሩን መለሰ። ሲቸኩል ገለበጠው። ሳጥኑ ተቆልፎ ከተገኘ መጥፋቱ ቶሎ አይታወቅም፤ በታወቀ ጊዜም እርስ በርሳችሁ ትጠራጠራላችሁ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ቀጭን ብረት ነው። ሦስታችሁም በየሥራችሁ አታጡትም።»

«ታዲያ ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አሉ ሸምሱ።

«እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ሳጥኑ ባዶ መሆኑን የሚያውቀው የወሰደው ሰው ብቻ ነው። ወይዘሮ ዙሌካ አስከሬን ፊት ቆመው ሳጥኑን አዩ፤ አፍረው ራሳቸው ነገሩኝ። እርስዎ ጋሼ፣ ሳይቀመጡ ስለ ሳጥኑ ጠየቁኝ፤ ለሟቹ ነፍስ ይማር ያሉት እኔ ካስታወስኩዎት በኋላ ነው። ተቀይሜዎት ነበር። ሌሊቱን ሳስበው ግን፣ ያለ የሌለ ሀብቱ እዚያ ውስጥ ነው ብሎ የሚያምን ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከሦስታችሁ ትልቁን ቼክ የያዘው ሰው ግን ስለ ሳጥኑ አንድም ቃል አልጠየቀኝም።»

ዳኜ ቀና አለ። «ማዘኔ ወንጀል ሆነ?»

«ማዘን አያሳስርም አቶ ዳኜ። ስለዚህ ጠበቃው ሰኞ ያገኘውን ወረቀት ሄጄ እንደገና አስወጣሁት።» ከፋይሏ አንድ ገጽ አወጣች። «የደምሰው ኢሱዙ ሥራውን ከመዝጋቱ ሦስት ሳምንት በፊት ወደ ሌላ ሰው ዞሯል። ሊብሬው አሁን በባለቤትዎ ስም ነው። ሩቲ፣ ሕጉ ምን ይላል?»

ሩቲ ወለሉን እያየች መለሰች። «ነጋዴ ሊከስር ሲል ለአንዱ ገንዘብ ጠያቂ ብቻ አድልቶ የሰጠው ንብረት ይመለሳል። ከሌላው ጋር ተደምሮ ለሁሉም ይከፋፈላል።»

«ተከፍሎህ ነው ከእኛ ጋር የተሰለፍከው?» አሉ ሸምሱ። «መኪናውን ወስደህ ቼኩንም ልትቆርስ?»

«አቤቱታው ካልገባ መኪናው የእርሱ ሆኖ ይቀራል» አለች መቅደላዊት። «ጠበቃ ከሌለ፣ ዋናዎቹ ቼኮችም ከጠፉ፣ አቤቱታ የለም ብሎ አሰበ። እዚህ ላይ ግን ተሳሳተ። የመኪናውን ወረቀት አጥፍቶታል፤ ቼኮቹን ግን ማቃጠል አልሆነለትም። ነጋዴ ነው፤ የተፈረመ ቼክ እጁ ገብቶ እንዴት ያቃጥለው? ደምሰው አንድ ቀን ገንዘብ ሊያገኝ ይችላል። ዛሬ ጠዋት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ኢሱዙውን ፈተሽነው። ሦስቱም ከሹፌሩ መቀመጫ ሥር በፌስታል ተጠቅልለው ተገኙ።»

ዳኜ ወንበሩ ላይ ተንሸራተተ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«አንድ ሳምንት ታገሠኝ ብዬ ለመንኩት። እኔም እኮ ከኋላዬ ገንዘብ የሚጠይቁኝ አሉ። ያቺ መኪና ከሄደች በማግስቱ እኔም እንደ ደምሰው ነኝ። ‹ነገ ሦስታችሁም ባላችሁበት እናገራለሁ› አለኝ። ወረቀት ሊያነሣ ዞረ… ፈራሁ። ፍርሃት ነው እንጂ ጠልቼው አይደለም።»

ሁለት ፖሊሶች አንሥተው ወሰዱት። ዙሌካ እስኪርቁ ጠበቀችና «ቼኬን ልውሰደው?» አለች።

«ለክሱ ማስረጃ የሚቀርብ ኤግዚቢት ነው» አለች መቅደላዊት። «በማኅተም የተረጋገጠ ኮፒ ግን ዛሬውኑ እሰጥዎታለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ዙሌካና ጋሽ ሸምሱ ነፋስ ስልክ፣ አፀደ የምትባል ጠበቃ ፊት ተቀመጡ። ሩቲ ነች የጠቆመቻቸው። አፀደ ሲራክ ያዘጋጀውን አቤቱታ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ዛሬ ከሰዓት ይገባል። ለባንኩም ዛሬውኑ ደብዳቤ እጽፋለሁ» አለች። «ከመፈራረማችን በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ደምሰው ሊዘጋ አካባቢ ለእናንተ የሰጣችሁ ነገር አለ? ትንሽም ብትሆን።»

ዙሌካ ያነሣችውን እስክሪብቶ መልሳ አስቀመጠች። ሳሎኗን አሰበች፣ ልጆቿን አሰበች። የለም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር።

«አንድ ሶፋ አለ» አለች። «‹እስክከፍልሽ ይሁንሽ› ብሎ በጋሪ ላከልኝ። ልጆቼ ይተኙበታል። ይሄ ቤቴን ያስወስደዋል?»

«ደብቀውት ቢገኝ ነበር የሚያስፈራው» አለች አፀደ፤ ጻፈችው።

ጋሽ ሸምሱ ዙሌካን በጎን አዩዋት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እኔም ቤት ስድስት ወንበር አለ» አሉ። «ሁለቱ ግን እግራቸው ተሰብሯል። እነሱም ይጻፉ?»

«ይጻፉ ጋሼ» አለች አፀደ።