ያልታወቀው መሣሪያ

«ነካክተኸዋል!»

«አልነካሁትም አልኩሽ እኮ!»

«አንተ ያልነካኸው ምን አለ? ትናንት ደህና የነበረ ኮምፒውተር ዛሬ፣ በፈተናዬ ቀን፣ ሞተ?»

«ኮምፒውተሩ አልሞተም። ኔትወርኩ ነው።»

«ለእኔ ያው ነው!»

እህቱ ጥፍሯን በልታ ጨርሳ ወደ ጣቷ ልትሻገር ነው። የነርስነት ኮሌጁ የመግቢያ ፈተና በኢንተርኔት ነው። በሰዓቱ ያልገባ፣ የከርሞ ሰው ይበለን ነው። አምና ለትንሽ ወድቃ ዓመቱን ሙሉ ለልብስ ሰፊ እናቷ ቁልፍ እየተከለች ስታጠና ከርማለች። አሁን ሃያ ደቂቃ ቀርቷታል። ስልኳ እንዳይባል፣ ስክሪኑ ተሰብሮ ጥገና ቤት ከገባ ሰንብቷል።

እሱን ቤት ውስጥ የሚጠሩት «ኢንጂነሩ» እያሉ ነው። የአክብሮት እንዳይመስላችሁ። ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ስሙን ያወጣችለት እናቱ ናት፣ ያውም የስፌት መኪናዋን «ላጽዳልሽ» ብሎ ፈትቶ ሲገጥም ሁለት ብሎን የተረፈው ቀን። ቀጥሎ ደግሞ ኮምፒውተሩን «ቫይረስ በልቶታል» ብሎ ጠራርጎ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ጫነበት። ከዚያ ወዲህ ከእሱ በቀር የኮምፒውተሩን ፀባይ የሚያውቅ የለም። ጉራው የሱ ነበር። ዛሬ ጭንቁም የሱ ሆነ።

ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፈተና ሞደሙን በፒንግ ጠራው። ፒንግ ማለት በር ቆርቁሮ «ቤቶች!» እንደማለት ነው፤ ሰው ካለ «አቤት» ይላል። ዝም። ደግሞ ጠራ። ዝም። ዋይፋዩ የይለፍ ቃል ጠየቀው። የእናቱ ስልክ ቁጥር ነው፣ ሰፈር ምድሩ የሚያውቀው። ጻፈ። ኮምፒውተሩ አሰበ፣ አሰበና መልሶ ያንኑ ጠየቀው።

ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ሮጠ። ሞደሙ ከጨርቅ መደርደሪያው አናት ላይ አረንጓዴ መብራቱን ደርድሮ «እኔ ምን አደረግኩ?» የሚል ይመስላል። ነቀለው፣ ሰካው። ሦስቴ ነቅሎ ሦስቴ ሰካው። ወፍ የለም።

«ከኢንተርኔት ድርጅቱ ነው» አለ ላቡን እየጠረገ። «መስመር ቆርጠውብን ነው።»

እናቱ የስፌት መኪናዋን አቁማ በቁልፍ ስልኳ ደወለች። ዘፈን ተለቀቀባት። «ውድ ደንበኛችን፣ እባክዎ ይጠብቁ።»

«ስጠብቅ አይደል ያረጀሁት!» አለች ለስልኩ።

«ጎማን ስልኩን እንለምነው» አለች እህቱ።

«ያን ሌባ? ሞቼ ነው!»

ጎማ በአንድ ግድግዳ የሚለያቸው የጎሚስታው ልጅ ነው። አብረው ነው ያደጉት። ባለፈው ወር ኢንተርኔቱ እንደ ኤሊ ሲሄድ፣ ኢንጂነራችን የሞደሙን ገጽ ከፍቶ የተገናኙትን ሁሉ አየ። አንዱ «ያልታወቀ መሣሪያ» ይላል። ከጎማ ሌላ ማን ይሆናል? ዘጋው። መለያ ቁጥሩን ለቅሞ መዝጋቱ አልበቃው ብሎ ጎሚስታው ቤት ሄዶ፣ አባትየውና ደንበኛው በቆሙበት፣ «ሌባ!» አለው። ጎማ ቀና ብሎም አላየው፤ ቸርኬውን በመዶሻ መቀጥቀጡን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም።

«የአንተ ኩራት ነው እኔን የሚጥለኝ» አለች እህቱ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

ዓይኑ ጭጋግ እየለበሰ ጥቁሩን መስኮት ከላይ ጀምሮ አነበበ። አንዷን መስመር እስካሁን ዘሏት ነበር። «ተከልክሏል» ትላለች። ጠፋ አይደለም፣ ተከልክሏል። ሞደሙ አለ፣ ይሰማል፣ ግን አላስገባም ብሏል። ሞደም ደግሞ ከመሬት ተነስቶ ሰው አይጠላም፤ ዝጋ የተባለውን ነው የሚዘጋው። ማነው ዝጋ ያለው?

የኮምፒውተሩን የዋይፋይ መለያ ቁጥር ጠየቀ። መጨረሻው ሰባት ሲ። ሰባት ሲ! በገዛ ጣቱ ለቅሞ የዘጋው ቁጥር!

ኮምፒውተሩ ሁለት መግቢያ አለው፣ አንዱ በገመድ፣ አንዱ በዋይፋይ፤ ሁለቱም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። እስከ ትናንት ሳሎን ተቀምጦ በገመድ ነበር የሚሠራው። ፈተናው ጸጥታ ይፈልጋል ተብሎ ዛሬ ጠዋት ከስፌት መኪናው ሸሽቶ መኝታ ቤት ገባ፤ ገመዱ አልደርስ ሲል በዋይፋይ ሊገናኝ ሞከረ። ለካ ያን ጊዜ በገመድ እየሠራም ዋይፋዩ አብሮ ተገናኝቶ ኖሯል፤ ያ ያልታወቀ መሣሪያ የገዛ ኮምፒውተራቸው ነበር።

«ተሸከሚ!»

«ምኑን?»

«ስክሪኑን! ወደ ሳሎን!»

እሱ ሳጥኑን አቅፎ፣ እሷ ስክሪኑን ይዛ፣ ገመድ እየጎተቱ በጨርቅ ክምር ላይ እየተንገዳገዱ ደረሱ። ሰካ። አበራ። ፒንግ አለ፣ ሞደሙም «አቤት» አለ። የፈተናው ገጽ ሲከፈት ሁለት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። እህቱ ከወንበሩ ገፈተረችውና ቁጭ አለች።

እናቱ የስፌት መኪናዋን መዘውር በመዳፏ ይዛ፣ ደጅ ለቆመችው ደንበኛ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ከዚያ ወደ ልጇ ጆሮ ተጠግታ «እነዚህ የድርጅት ሰዎች፣ እንዲህ ያስጨንቁን?» አለች።

«አዎ» ቢል አለቀ። ማንም አያጣራም።

«እነሱ አይደሉም። እኔ ነኝ» አለና ጫማውን ፈለገ።

«ወዴት?»

«ጎማ ጋ።»

ጎማ የተነፋ ካላማዳሪ ገንዳ ውስጥ ነክሮ አረፋ የምትወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል። አባቱ ከጎኑ አለ፤ ሁለት ደንበኞችም ቆመዋል። ኢንጂነሩ እስኪሄዱ ሊጠብቅ አሰበ። ሌባ ሲለው ግን ማንም እስኪሄድ አልጠበቀም።

«ያን ቀን ሌባ ያልኩህ…» አለ ሁሉም እንዲሰሙ። «ተሳስቼ ነው። የዘጋሁት የራሳችንን ኮምፒውተር ነው። እህቴን ከፈተና ላስቀራት ነበር። ይቅርታ።»

ጎማ እጁን በሱሪው ጠረገ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አየት አደረገና ቀና አለ።

«እሱን ተወውና» አለ፣ «ጠዋት ሞደሙን ሦስቴ የምትነቅልብኝ ምን ሆነህ ነው? ፊልሜ ሊያልቅ ሲል!»